ከዋይት ሴንተር ምድር ቤት የወጣው ፊልም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ተፈራ ቀለበቴን አስወለቁኝ። "ፊልም የሚመረመረው በጣት ነው" አሉና ነጭ የጥጥ ጓንት ሰጡኝ። "ጓንቱን ያዝ ያደረገው ቦታ ሁሉ ቁስል ነው።"

ጋሽ ተፈራ ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ውስጥ ፊልሙን የሚያጫውቱ የሲኒማ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ሲያትል ውስጥ የአንድ ፊልም አከፋፋይ መጋዘን ዋና መርማሪ ሆኑ፤ እኔን ያስቀጠሩኝም እሳቸው ናቸው።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ከሲኒማ ቤቶች የተመለሰውን ፊልም ማጠንጠኛው ላይ አድርገን በእጅ እያዞርን እንፈትሻለን፤ የተቀደደውን ቆርጠን በማጣበቂያ እንቀጥላለን። ቁራጩ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል።

አንድ ቀን እዚያው ሲያትል አጠገብ ዋይት ሴንተር ውስጥ አሮጌ ሲኒማ ቤት ሲፈርስ ከምድር ቤቱ የዛገ የቆርቆሮ ጣሳ ወጣና ወደ እኛ መጣ። ውስጡ ድምፅ አልባ የእንግሊዝ ድራማ ነበር። ለንደን ላለው የፊልም ቤተ መዛግብት ደውለን ስንጠይቅ "ጠፋ ብለን ተስፋ የቆረጥንበት ነው፤ ሌላ ቅጂ የለም" አሉን።

ከዚያ በኋላ ሰላም አላየሁም። ለንደን "እንዳትነኩት፣ ቶሎ መርምራችሁ ላኩት" ይላል። ሳልነካው እንዴት እንደምመረምረው የነገረኝ የለም። አለቃችን ደግሞ "ይህ ዓይነቱ ፊልም እንደ ክብሪት ነው የሚቀጣጠለው፤ እስከ ዓርብ ካልወጣልኝ ለእሳት አደጋ አስረክበዋለሁ" ይላል። ሁሉም አዛዥ ነው፤ የሚሠራ ግን የለም።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሚስ ዊኒ መጡብኝ። ፌደራል ዌይ በምትባለው ጎረቤት ከተማ የሚኖሩ እንግሊዛዊት አሮጊት ናቸው፤ ወሬውን ጋዜጣ ላይ አንብበው ደወሉ። የፊልሙ ዋና ተዋናይት ነበሩ። ሌሎቹ ፊልሞቻቸው ሁሉ ጠፍተዋል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋ ወጣት ፊታቸውን አንዴ ማየት ፈለጉ።

በየቀኑ ይደውላሉ።

"አገኘሽኝ?"

"ገና ነኝ፣ ሚስ ዊኒ።"

"ያንን ሰውዬስ?"

ሰውዬው መሪው ተዋናይ ነው። በእሳቸውና በካሜራው መሀል መቆም ይወድ ነበር አሉ። ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ግን አሁንም አልለቀቁትም።

እሱንማ በየቦታው አገኘሁት፤ ቆሞ፣ ተቀምጦ፣ ፂሙን እያሻሸ። እሳቸው ከጀርባ ይታያሉ። ፊታቸውን ማዞር ሲጀምሩ ጓንቴ ይያዛል፤ የተቀጠለ ነው። ከቅጥሉ በኋላ ሰውዬው። እንደገና ሊዞሩ ሲሉ፣ ሌላ ቅጥል። አንጀቴ አረረ።

"ጋሼ፣ ኧረ ይዩልኝ! እሳቸው ጋ ሲደርስ ብቻ ነው እንዴ የሚቀደደው?"

አጎንብሰው አዩ። "ይሄ አልተቀደደም። ኦፕሬተር ነው በመቀስ የቆረጠው።"

"ለምን ብሎ?"

ከኪስ ቦርሳቸው አንዲት ህንዳዊት ተዋናይ ያለችበት ቁራጭ ፊልም አወጡ። "ሶ፣ ቆንጆ ስትመጣ አንድ ሁለት ምስል ቀንጠብ እናደርግ ነበር፤ ለማስታወሻ። ይሄ ደግሞ ሲያትል እስኪደርስ ስንት ከተማ ዞሯል! ያገኛት ኦፕሬተር ሁሉ ቀንጥቧታል።"

"እርስዎም፣ ጋሼ!"

"እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?" አሉ፣ እንደ መኩራራት ብለው።

ንዴቴ ባሰ። እነሱ ቆርጠው ኪሳቸው ከተቱ፤ ለአሮጊቷ የምናገረው ግን እኔ ነኝ።

ሐሙስ ዕለት ሚስ ዊኒ ልጃቸው መኪናዋን ፓርክ እስክታደርግ እንኳ አልጠበቁም፤ በምርኩዝ ገቡ። ፊልሙን የመብራት ሳጥኑ ላይ ዘርግቼ ማጉያ መነጽር ሰጠኋቸውና ቀስ እያልኩ አዞርኩላቸው። ሰውዬው። ሰውዬው። አሁንም ሰውዬው።

"እኔስ?" አሉ።

ጊዜ በልቶት ነው ልላቸው አስቤ ነበር፤ አላስቻለኝም። እውነቱን ነገርኳቸው። ጋሽ ተፈራ የራሳቸውን ቁራጭ ከኪሳቸው አውጥተው ማጉያው ሥር አኖሩላቸው።

ሚስ ዊኒ ወደ ማጉያው አጎነበሱ። "ማን ናት?"

"ስሟን አላውቅም። ከወጣትነቴ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ናት።"

ሚስ ዊኒ ወደ እኔ ዞሩ። "ከእሱስ ስንት ቆረጡ?"

"አንድም። ከነፂሙ ሙሉ ነው።"

እንባቸው እየወረደ ሳቁ። "እኔን ቤታቸው ወሰዱኝ" አሉ፤ "እሱን የፈለገው የለም።"

ፊልሙ ዓርብ ወደ ለንደን ሄደ። ሚስ ዊኒ ከዚያ በኋላ አልደወሉም።

ለወጣት መርማሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቅጥል ስታገኙ ተቀዶ ነው ብላችሁ አትለፉት። ከዚያ ቦታ ማን እንደጎደለ መጀመሪያ እዩ።