ለከተራ ያስጌጥሁት የጋራዥ በር

ልጄ ሚኒባሱን የሚያሳድርበት ጋራዥ ባለ ሁለት ተከፋች የቆርቆሮ በር አለው። ደባርቅ ላይ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ዳር ስለሆነ፣ ለከተራ ማስጌጡን ለእኔ ተዉልኝ። ሽማግሌ ጠንቃቃ ነው ብለው ይሆናል።

እውነትም ተጠነቀቅሁ። ልጄ ያመጣውን ባለቀለም አምፖል "ቆርቆሮ ላይ ኤሌክትሪክ አይሰቀልም" ብዬ መለስሁት። አረንጓዴ ቢጫ ቀዩን ጨርቅ ነፋስ እንዳይወስደው ከግራው ተከፋች እስከ ቀኙ ወጥሬ በሽቦ አሰርሁት። የጥር ውርጭ ሞተሩን እንዳይመታው ደግሞ ጭድ የሞላ ማዳበሪያ ከበሩ ሥር ጠቀጠቅሁ።

ሥራዬን ቆሜ ሳደንቅ ልጄ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ መጣ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ዳባት ናቸው። እግራቸው እንቢ ብሎ አውቶቡስ መሳፈር ስላቃታቸው፣ ታቦቱን እንዲያዩ እሱ ሊያመጣቸው ቃል ገብቶ ነበር።

"አባዬ፣ መኪናው እኮ ውስጥ ነው።"

"ታቦት ሳያልፍ ጌጥ አይፈታም" አልሁት።

ባለቤቴ ሰምታ ኖሮ ቢላዋ ይዛ ወጣች።

"አንተ ሰውዬ፣ ታቦቱ የሚያልፈው በመንገዱ ነው፣ በጋራዡ ውስጥ አይደለም። እህቴ ደጅ ደጁን እያየች ትቅር?" ብላ ጨርቁን ከመሀል ለሁለት ቆረጠችው። ማዳበሪያውንም በእግሯ ገፋችው።

እህትየዋ ታቦቱ ሳያልፍ ደረሱ። ከመኪናው ሲወርዱ ግራና ቀኝ የተንጠለጠለውን ጨርቅ አይተው "እንደ ቤተ መንግሥት መጋረጃ ከፍታችሁ ተቀበላችሁኝ፤ ማን አሰበው?" አሉ። ባለቤቴ ወደ እኔ ጠቆመች። እኔም አላስተባበልሁም።