የመንገዱ አቧራና የእኔ ደረት

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ቀበርቾ አጨሰች። አራስ ልጅ አላቸው፤ ክፉ ዓይን እንዳያየው መሆኑ ነው። ሽታው አጥር ተሻግሮ መጣና ገና አፍንጫዬን ሲነካው ደረቴ ግጥም አለ። ያቺን ሐኪም ቤት የሰጡኝን የምትሳብ መድኃኒት ሳብ ሳብ አድርጌ ደጅ ወጣሁ። "ኧረ ተዉ እናንተ ሰዎች!" ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል? አሮጊቷ ተነጫነጨች ይላሉ። ልነጫነጭ! በቀበርቾ የሆንኩትን የሆነ ሰው ቢነጫነጭ አይፈረድበትም። እስቲ ተቀመጪ ልጄ፣ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ጊዜው ጣልያን አገሩን የያዘበት ነው። የምንኖረው ከሸዋሮቢት ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ከወንዙ ሳንርቅ ነበር። አባቴን ወባ ወስዶታል፣ አላህ ይርሐመው። ቤቱ ውስጥ እናቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህትና እኔ ነበርን። የኔ ደረት ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያፏጫል። ያኔ አስም ብሎ የሚጠራው ሰው በኛ መንደር አልነበረም። ማሽላ ሲወቃና ገለባው ሲነሳ ትንፋሼ ያጥርና ጎንበስ ብዬ እውላለሁ። ሰው የሚመስለው አየር ማስገባት ያቃተኝ ነው። የሚያቅተኝስ ማስወጣቱ ነበር፤ የገባው አልወጣም ብሎ ደረቴ ውስጥ ይቀመጣል። ግን ውቂያ ያልፋል፤ እኔም ከልጆቹ ጋር ተመልሼ እሮጣለሁ።

ጣልያኑ መንገድ ማውጣት ሲጀምር ነው ያበቃልኝ። ድንጋይ ሲፈለጥ፣ ጠጠር ሲነጠፍ፣ ካሚዮን ሲመላለስ አገሩ አቧራ ለበሰ። የማሽላው ቅጠል ሳይቀር ነጭ ሆነ። ጭቃ ሹሙ "ከየቤቱ አንድ ሰው ለመንገዱ ይውጣ" ብሎ አዘዘ። ከኛ ቤት ማን ይውጣ? አክስቴ ወገቧን ያማታል፤ እኔ ልጅ ነኝ። እናቴ ወጣች፤ ጠጠር በቅርጫት ተሸክማ ስትመላለስ ትውላለች። ዛሬ ሰዎች "ጣልያን ክፉ ቢሆንም መንገዱን ሠራልን" ሲሉ እሰማለሁ። ማን ነው የሠራው? የሥራው አለቃ፣ ካቦው፣ ነው ጠጠር የተሸከመው? ካቦውማ ጥላ ሥር ቆሞ ይጮህ ነበር። የሠሩት እነ እናቴ ናቸው! ይኼን የሚናገርላቸው ሰው ስላጣሁ አንጀቴ ያርራል።

ማታ ስትመጣ ሮጬ እቅፏ ውስጥ እገባ ነበር። ቀሚሷ ላብና የተፈለጠ ድንጋይ ይሸታል። ጥቂት ቆይቶ ደረቴ ማፏጨት ይጀምራል። እሁድ ግን መንገዱ ሥራ የለውም፤ ቀኑን ሙሉ ጭኗ ላይ ተኝቼ ብውል ምንም አልሆንም። ይኼን ያስተዋለችው ራሷ ናት፣ ማንም አልነገራት። አንድ ቀን ላቅፋት ስሮጥ መዳፏን ዘርግታ አስቆመችኝ።

"ቁሚ! አትንኪኝ። የሚያፍንሽ ይኼ ልብሴ ላይ ያለው ነገር ነው።"

ከዚያ ወዲያ ሥራ ስትጨርስ በቀጥታ ወንዝ ትወርዳለች። ፀጉሯን ሳይቀር ታጥባ፣ ጠዋት ወንዙ ዳር ያለው የቁርቁራ ዛፍ ላይ ሰቅላው የሄደችውን ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ ትመጣለች። ያኔ ታቅፈኛለች። እርጥብ ፀጉሯ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ይቀዘቅዘኝ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ነገር በዕድሜዬ አላገኘሁም። ደረቴ ሲነሳም መላ አበጀችልኝ። "ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ። ትከሻሽን ጣል። አሁን ትኩስ ወተት እንደምታበርጂ ንፊ፣ ቀስ ብለሽ" ትለኛለች። ከንፈሬን ሰብሰብ አድርጌ እነፋለሁ፤ ያ የታፈነው አየር በጥቂት በጥቂቱ ይወጣል።

የመንደሩ ምላስ አርፎ አይቀመጥ! "ባሏ የሞተባት ሴት ማታ ማታ ወንዝ ወርዳ የምትታጠበው ለማን ብላ ነው?" አሉ። "ልጇን ተጸይፋ አላስጠጋ አለቻት" አሉ። ስትታጠብም ሐሜት፣ ሳትነካኝም ሐሜት። አንዳቸው እንኳ መጥተው "ለምንድን ነው?" ብለው አልጠየቋትም። እኔንማ ማን ይጠይቀኛል! የሚታፈነው የኔ ደረት፣ የሚያወራው ግን አገሩ ሁሉ ነበር።

አክስቴ ደግሞ ነፍሷን ትሰጠኛለች፤ ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ ነበር የምታጎርሰኝ። ግን አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል አይደል የሚባለው? እሷ እንዳመነችው ደረቴ ውስጥ የሚያፏጨው ጅን ነው። ያመጣችውም እናቴ ናት፤ በመግሪብ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ወንዝ ስትወርድ ከዚያ ተከትሏት ልጇ ላይ ሰፈረ። አየሽልኝ? መድኃኒቴን በሽታዬ አደረጉት።

አንድ ቀን እናቴ ሥራ ላይ ሳለች፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ፣ አክስቴ የጎረቤት ሴቶች ሰብስባ መጣች። ያን ቀን ነፋሱ ከመንገዱ በኩል ስለነበር ገና ከጠዋቱ እያፏጨሁ ነበር። መሐል አስቀመጡኝና ቡልኮ ከነራሴ ጣሉብኝ። ገል ላይ ፍም አድርገው፣ ቀበርቾውን ነስንሰው ከቡልኮው ሥር ከተቱት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። "አውጡኝ" ልል አፌን ስከፍት ቃል የለም፤ ያ ፉጨት ብቻ ወጣ።

"ይኸው ጮኸ!" አለች አንዷ። "ሊለቃት ነው፣ ጨምሩበት!"

"ማነህ አንተ? ከየት ያዝካት?" አለች ሌላዋ በቡልኮው ላይ ጎንበስ ብላ።

ደረቴ "ሲይይይ" አለ። "ከወንዝ ነኝ እያለ ነው" ብላ ተረጎመችው! ሱብሐነላህ! እኔ ልሞት ነው፣ እነሱ ከደረቴ ጋር ያወራሉ። ባፏጨሁ ቁጥር ሊለቅ ነው እያሉ ቀበርቾ ይጨምራሉ፤ በጨመሩ ቁጥር የባሰ አፏጫለሁ። አክስቴ ከውጭ እያለቀሰች "ትንሽ ቻይልኝ የኔ እናት፣ ሳቢው፣ ሳቢው" ትለኛለች። ምን ልሳብ? በኋላማ ፉጨቱም ቆመ። እነሱም ዝም ሲል ለቀቃት ብለው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ዝም ያልኩት ትንፋሽ አልቆብኝ ነበር።

ለካ ውኃ ልትቀዳ የወረደች አንዲት ሴት በመንገዱ በኩል ስታልፍ "ልጅሽን እያጠኗት ነው" ብላ ለእናቴ ነግራታለች። እናቴ ቅርጫቱን ወርውራ ሮጠች። እኔ የማስታውሰው ቡልኮው ድንገት ከላዬ ሲነሳና ብርሃኑ ዓይኔን ሲወጋኝ ነው። ገሉን በእግሯ መታችው፤ ፍሙ ተበተነ። ክንዴን ይዛ እየጎተተች አውጥታ፣ ነፋስ ያለበት ገላጣ ሜዳ ላይ አስቀመጠችኝ። ከዚያ ለቀቀችኝ፤ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ አቧራ ነበረች። አቧራዋ ወደ እኔ እንዳይነፍስ በነፋሱ ታች ዞራ፣ ራቅ ብላ ተንበረከከችና፣ በክንዷ እንደማቀፍ እያደረጋት፣ ክንዷን መልሳ እየሰበሰበች "ወተቱን፣ ወተቱን ንፊ! እኔን እያየሽ! ንፊ የኔ ልጅ!" ትላለች። እሷ ትነፋለች፣ እኔ እነፋለሁ። በመጨረሻ ነፍሴ ተመለሰች።

ካቦው ከአንድ ባንዳ ጋር ተከትሏት ደረሰ። ካቦው ጮኸ፣ ባንዳው አስተረጎመ፦ ሥራ ጥላ ስለሄደች ቅጣቷ ወደ ጣርማ በር ወጥታ ተራራ ከሚቆፍሩት ጋር መሥራት ነው። እናቴ "ልጄ ልትሞትብኝ ነበር ጌታዬ" አለችው። ባንዳው ሳቀ። የኛው ሰው! ጣልያኑስ ጣልያን ነው፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የሱ ሳቅ ነው።

እናቴ ወደ አክስቴ ዞረች። "እትዬ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ዳግመኛ እንዳያጥኑብኝ።"

"አላጥናትም። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ አላጥናትም" አለች አክስቴ፣ ጭንቅላቷን ይዛ እያለቀሰች።

እኔ ተነስቼ እየተንገዳገድኩ ወደ እናቴ ሄድኩ። እጄን ዘረጋሁ። ወደ ኋላ ሸሸች።

"ተይ፣ መልሶ ይነሳብሻል። ስመለስ አቅፍሻለሁ" አለችኝ። ካሚዮን ላይ አወጧት፤ ሄደች።

አልተመለሰችም። ተራራው ላይ ድንጋይ ተናደ፤ እዚያው ቀበሯት። ወሬውን ያመጣችልን አብራት ትሠራ የነበረች ሴት ናት። አክስቴ ቃሏን ጠበቀች። ደረቴ በተነሳ ቁጥር ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ፣ ጥርስ በሌለው አፏ አብራኝ ትነፋ ነበር። ስታለቅስም ስትነፋም አይቻታለሁ። አላህ ይርሐማት፤ እሷን ይቅር ካልኳት ቆየሁ።

ካቦውንና ባንዳውን አላህ ያውቅላቸዋል። እናቴን ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንዳንድ ቀን እቆጣታለሁ። ልክ ነበረች፤ ብትነካኝ ያን ዕለት ላልተርፍ እችል ነበር። ልክ መሆኗ ነው የሚያናድደኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንኳ "ይነሳብኝ፣ ምን አገባሽ!" እላታለሁ ብቻዬን ተቀምጬ። ሌሊቱን ሙሉ አፏጭቼ ባነጋ! እንዲያው ከነአቧራዋ አንድ ጊዜ እቅፍ ብታደርገኝ ምን ነበረበት?