ከቀዩ ስር

ቅዳሜ ከሰዓት የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ሳርም የቡና ገለፈት ሽታ በመስኮት ገባ። በመኸር ሰሞን ነፋሱ ከቡና ማጠቢያዎቹ ወደ ዲላ የሚያመጣው ይህ የኮመጠጠ ሽታ ዱመርሶ መንደር፣ የአክስቴ የታደለች የቡና ማሳ ውስጥ ይጥለኛል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አክስቴ "ቀይ ቀዩን ብቻ ልቀሚ፤ አረንጓዴውን ዛፉ ላይ ተይው" ብላኝ ወደ ሌላ ዛፍ ሄደች። እኔ ግን ቅርጫቴን ቶሎ ሞልቼ ልጫወት ቸኮልኩ። ቅርንጫፉን ሙልጭ አድርጌ አራገፍኩት፤ አረንጓዴውን ከቅርጫቱ ስር ደብቄ ላዩን በቀይ ሸፈንኩት።

ማጠቢያው ጋ ስንደርስ ቡና ተረካቢው ቅርጫቱን ሲገለብጠው አረንጓዴው ወጣ።

"እርስዎም ጀመሩ እንዴ፣ እትዬ ታደለች?"

ጎረቤቶቿ ሁሉ ዞረው አዩዋት። የልጅቷ ሥራ ነው አላለችም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ አረንጓዴውን ፍሬ በፍሬ ትለይ ጀመር። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ፤ እኔ ነኝ ግን አላልኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ እንኳ አልተቆጣችኝም። "እኔ ሌላ ዛፍ ጋ ነበርኩ" አለች ቀስ ብላ። "አንቺ ግን እዚያው ነበርሽ።"

እዚያው መሆኔንማ አውቃለሁ፤ ምን ማለቷ ነው እያልኩ ተከተልኳት።

አሁን እርሳሴን አስቀምጬ የፈተና ወረቀቱን ክምር አየሁት። ርዕሰ መምህሩ ቢያገላብጥ የሚያገኛቸውን፣ ከላይ ያሉትን አሥሩን፣ መስመር በመስመር አንብቤአለሁ። ከስር ላሉት ግን ሳላነብ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ፊቴ በእፍረት ጋለ።

ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም፤ እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።