ጳጉሜን ስድስት የምትሆንበት መስመር

መካነ ኢየሱስ ከተማ የኮምፒውተር መምህር ሆኜ ከተመደብኩ ወዲህ አንድ ደብተር አለኝ። ለስልክና ለኮምፒውተር ፕሮግራም ስሠራ ደጋግመው የሚያስፈልጉኝን አጫጭር ኮዶች በእጄ እገለብጥበታለሁ። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ከየት አገኛቸዋለሁ? የመጀመሪያው ገጽ ላይ ለራሴ የጻፍኩት ምክር "ደብረ ታቦር ስትሄድ የሚጫነውን ሁሉ አውርደህ በፍላሽ ያዝ" ይላል።

በዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ጎረቤቴ የሆነች ነርስ የክትባት ቀጠሮ የሚያስታውስ ፕሮግራም እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ስልኳም የቢሮዋ ኮምፒውተርም የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው፤ እናቶቹ ደግሞ በሐበሻ። ቀኑን ወደ እኛ የሚመልስ ኮድ ከኢንተርኔት ቀድቼ በሁለቱም ላይ ጫንኩላት።

ገና ስትከፍተው ሳቀች። "ዛሬ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ያንተ ፕሮግራም አማኑኤል ገብቷል ይለኛል።"

እውነትም ሃያ ስምንት ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ባነበውም ስሕተቱ አልታይ አለኝ። አፈርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላፕቶፔን ይዤ ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመን ቆጠራ፣ ወደሚያስተምሩ የኔታ ሄድኩ። በዜማ ትምህርቷ በታወቀችው ቤተ ልሔም የተማሩ አዛውንት ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ፣

"ጳጉሜንን ስድስት የምታደርጋት መቼ ነው?" አሉኝ።

"ዓመቱ ለአራት እኩል ሲካፈል ነው፣ የኔታ።"

"እሱማ ዮሐንስ ነው!" ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። "ለአራት ሲካፈል በማቴዎስ አንድ ይተርፋል፣ በማርቆስ ሁለት፣ በሉቃስ ሦስት። ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ነው፤ አንተ አንድ ዓመት አዘግይተሃታል።"

የቀዳሁት ኮድ የፈረንጆቹን ደንብ ይዞ ኖሯል። ዓመቱ ለአራት ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ይሁን የሚለውን መስመር "ሦስት" አልኩትና የመድኃኔ ዓለሙን ቀን መልሼ ሞከርኩ። ሃያ ሰባት አለ። ደስታዬ ከፊቴ ላይ ሳይነበብ አልቀረም፤ የኔታም ፈገግ አሉ።

"አንዲት ቁጥር ብቻ?"

"አንዲት ቁጥር ናት፣ የኔታ።"

"እንግዲያስ ለባልንጀሮችህም ጻፍላቸው፣ ልጄ።"

በደብተሬም፣ በስልክ ለምንገናኝ ፕሮግራም ሠሪዎችም ጻፍኩት። አንዱ ወዲያው፣ "እኔም እዚሁ ላይ ነበር የተጣበቅኩት" ብሎ መለሰልኝ።

ሰኞ የተስተካከለውን ልጭንላት ነርሷ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጭኜ ስጨርስ ስልኳን አይታ ለአንዲት እናት፣ "የሚመጣው ወር ለሚካኤል ይዘሽው ነይ" አለቻት።

ሴትዮዋ ልጇን እያዘለች፣ "ሚካኤልንማ እንዴት እረሳለሁ!" ብላ ወጣች።