ሐብሺው ማንን ገደለ?

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ በስደት ሳለሁ፣ ቻምብሊ በተባለች ከተማ ውስጥ ሱኒል ከሚባል ህንዳዊ ጋር አንድ አፓርታማ ሼር አድርገን እንኖር ነበር። ሱኒል አገሩ ተመልሶ ለመንግሥት ሹመት የሚያበቃውን ፈተና ሊወስድ ስለሚዘጋጅ፣ የጥንቱንና የመካከለኛውን ዘመን የህንድ ታሪክ ጮክ ብሎ ይሸመድዳል። በነገሥታቱ ስም ጆሮዬ እየደነቆረም ቢሆን ችዬው ኖሬያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ከሥራ ስገባ፣ ሳሎን ውስጥ እየተንጎራደደ «ሐብሺው ጌታውን ገደለ፤ ሌላው ሐብሺ እሱን ገደለ፤ እሱንም ሌላ ሐብሺ ገደለው» ይላል። እኔን ሲያይ ደግሞ ፈገግ አለ! ደሜ ፈላ። ታላቅ ወንድሜን የነጠቀኝ የእኛው የእርስ በርስ መገዳደል ነው፤ ይህንንም አንድ ቀን እያለቀስኩ አጫውቼዋለሁ።

«በነገርኩህ ነገር ታላግጥብኛለህ?» ብዬ የሸሚዙን ኮሌታ ጨምድጄ ያዝኩት።

«ኧረ ቆይ! ምን አደረግኩ?»

«ሐብሺ የምትለው ማንን ነው? እኔን አይደለም?»

«አዎ፣ እናንተን ነው!»

ይባስ ብሎ አመነልኝ! ከግድግዳው ጋር አጣበቅኩትና ቡጢዬን አነሣሁ። ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ፦

«የቤንጋል ነገሥታት ናቸው! ሰዎቻችሁ ድሮ በባርነት መጥተው፣ ጌታቸውን ገድለው በእኛ ላይ ነግሠዋል! ባለፈው ዓመት ፈተናውን የወደቅኩት ማን ማንን እንደገደለ ተምታቶብኝ ነው!»