የተቃጠለው እጅጌ

ሰሞኑን መካ ውስጥ፣ ካረፍኩበት ሆቴል ጀርባ ባለ ላውንደሪ ቤት በር ላይ ሳልፍ የተለበለበ ጨርቅ ሸተተኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ሳቂብኝ ብትፈልጊ፤ ለእኔ ከሽቶ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ሽታ ነው።

ያኔ ጅዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር፣ ሰው ቤት ነበር የምሠራው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ቤታችን ስለተቸገረ ነው የተሰደድኩት። ማዳም መካ በሚገኝ ኮሌጅ ሥነ ልቦና ታስተምር ነበር። ቤት ውስጥ ባሏ እንኳ የሚፈራት ሴት፣ ተማሪ ፊት መቆም ትፈራ ነበር።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ መኪናው ወደ መካ ከመነሳቱ በፊት፣ ልብስ ወደምተኩስበት ክፍል ትመጣለች። እኔ የባሏን ነጭ ጀለቢያ እተኩሳለሁ፤ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ የዕለቱን ትምህርት ትለማመድብኛለች። የእንፋሎቱ ፉጨት፣ በመጋረጃው የሚሾልከው ብርሃን፣ የእሷ ድምፅ፤ ዩኒቨርሲቲዬ ይኸው ነበር። መጀመሪያ ምንም ሳይገባኝ «አይዋ፣ አይዋ»፣ አዎ አዎ፣ እል ነበር። ዐረብኛው ሲገባኝ መጠየቅ ጀመርኩ። እናቱ የራቀችው ሕፃን ለምንድን ነው ዝም የሚለው?

ኮንትራቴና የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማው፣ ሲያልቅ አገሬ ገብቼ መማር እንደምፈልግ ነገርኳት። የመውጫ ቪዛዬን የሚፈርመው ዋሴ፣ ካፊሌ፣ ባሏ ነው፤ ባሏ ደግሞ ያለ እሷ ፈቃድ ብዕር አያነሳም።

«ኸላስ፣ ኢቃማሽ ይታደሳል» አለች። «አንቺ ከሄድሽ ማን ይሰማኛል?»

«ማዳም፣ እኔም እኮ የሚሰማኝ እፈልጋለሁ» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

 ማዳም ካውያውን ከእጄ ተቀበለችኝ።

«ያላ፣ ዛሬ አንቺ አስተምሪ። ካሳመንሽኝ ትሄጃለሽ።»

እሷ ጀለቢያውን ትተኩስ ጀመር፤ እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ስለዚያ ዝምተኛ ሕፃን በተሰባበረ ዐረብኛ ጀመርኩ። መሐል ላይ ሕፃኑ ቀርቶ ስለ እናቱ ማውራቴ ታወቀኝ። እናቲቱም ዝም ትላለች፣ አልኩ፤ እንደ እኔ ተሰዳ ሰው ቤት፣ የሰው ልጅ አዝላ እሹሩሩ እያለች፣ ስለራሷ ልጅ ዝም ትላለች። ማዳም ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ክፍሉ ጭስ ጭስ ሲሸት ነው ሁለታችንም የባነንነው። የጀለቢያው እጅጌ በካውያው ልክ ተቃጥሏል!

«ያ ኡስታዛ!» አለች እየሳቀች፤ መምህርት ማለቷ ነው። «እኔ ሳስተምር አንቺ አንድ ቀን አቃጥለሽ ታውቂያለሽ?»

መውጫዬ በዚያው ሳምንት ተፈረመ።

በተመረቅኩ ቀን በቪዲዮ ደውላ ያንን ጀለቢያ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። አልጣለችውም! እልልታዋ ስልኩን ሊሰነጥቀው ነበር። ይኸው ዛሬ ወሎ ውስጥ፣ ሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ሥራ ለሚማሩ ወጣቶች አስተምራለሁ። መጀመሪያ ክፍል የገባሁ ዕለት ተማሪ አልፈራሁም፤ እየኮራሁ ነው የምነግርሽ።

አሁን የመጣሁት ለእሷ ዑምራ ላደርግላት ነው። ባለፈው ረመዳን ወደ አኺራ ሄደች፤ አላህ ይዘንላት። ካዕባ ፊት ቆሜ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ እጅጌው ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ፤ እንባዬ የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው። ብዙ ተማሪ አጨብጭቦልኛል። እኔን እየሰማች ልብስ ያቃጠለችልኝ ግን እሷ ብቻ ናት።