አርባ ቤት ለመሙላት

ህሊና ከሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ሸሕዲ ከተማ የደረሰችው በሚያዝያ፣ ሙቀቱ መተንፈሻ በሚያሳጣበት ወር ነው። መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ አሁን የተከፈተው ለሳምንት ነው ስላሏት በዚያው ሳምንት የአርባ ቤት መጠይቅ ሞልታ መመለስ ነበረባት። አዲስ አበባ የዓለም አቀፍ የኃይል ፖሊሲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች። መመረቂያ ጽሑፏን እስከ ሰኔ ካላስገባች ዓመቱ ይቃጠልባታል፤ በኃይል ዘርፍ ሊቀጥራት ቃል የገባላት ድርጅትም ያለ ዲግሪው አይቀበላትም። አማካሪዋ ደግሞ ከአርባው ቤት አንድ ቢጎድል ጽሑፉን አላይም ብለዋታል።

የመረጠችው ከሸሕዲ ወጣ ብሎ ያለውን፣ የተወለደችበትን መንደር ነው። ወደ ሱዳን የሚሻገረው ትልቁ የመብራት መስመር በሰሊጡ ማሳ አናት ላይ ያልፋል፤ ከሥሩ ያሉት ቤቶች ግን ዛሬም በባትሪ ነው የሚያመሹት። ለጥናት እንዲህ ያለ ቦታ ከየት ይገኛል? የሰው ችግር ለተማሪ ሲሳይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ተናገረች። ጥናቱ ለትምህርቷ እንጂ መብራት ለማስገባት እንዳልሆነ ስታስረዳቸው፣ አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉት ገበሬ ምንጣሮ አለብኝ ብለው መጥረቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሄዱ። ሌላውም እንዲሁ። እስኪመሽ ተንከራትታ የሞላችው ሁለት ቤት ብቻ ነው። በማግስቱ አላስረዳችም። መቼም ዋሸች አይባልም፤ አንዲት የውሸት ቃል ከአፏ አልወጣም። ዝም ብላ መጠየቅ ብቻ። የዝምታዋን ትርጉም መንደሩ ራሱ ሠራላት፤ የእኛው ልጅ ተምራ መብራት ልታስገባልን መጣች ተባለ። "የተማረ ይግደለኝ" እያሉ ወንበር ያወጡላት ጀመር። እሷም ተቀመጠችበት።

እትዬ አሰበች የሟች እናቷ ጎረቤት ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውም የተበተኑባቸው ሴት። የቆርቆሮ ቤታቸው በቀን አያስቀምጥም፤ ውሎአቸው ደጃፉ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ነው። ከህሊና ጥያቄዎች አንዱ ከቤቱ አጠገብ ዛፍ ይኖር እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። ቤቱ ምን ያህል እንደሚሞቅ ለማወቅ ነው። እትዬ አሰበች አለ ብለው መለሱ፤ ቅር እንዳላቸው ግን ህሊና ልብ አላለችም። ቸኩላ ነበር።

በአራተኛው ቀን፣ ዘጠኝ ቤት ሲቀራት፣ በዚያው ስታልፍ ዛፉ የለም። እትዬ አሰበች ነጠላቸውን ተከናንበው ጉቶው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፀሐዩ አናታቸው ላይ ነው። ለካስ እትዬ አሰበች ሸሕዲ ላይ የመብራት ሠራተኞች ሽቦ የሚነካ ዛፍ ሲቆርጡ አይተው ኖሯል። ህሊና ስለ ዛፉ የጠየቀቻቸው ለዚያ መስሏቸው፣ በዛፉ ሰበብ ቤቴን እንዳይዘሉት ብለው፣ ጎረቤታቸውን ጀምበሩን ለምነው ሳይመሽ አስጣሉት።

ህሊና አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

"እትዬ፣ መብራት አይመጣም" አለች እያለቀሰች። "ለእኔው ትምህርት ነው የጠየቅሁዎ። አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ።"

እትዬ አሰበች አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ስንት ቤት እንደቀራት ጠየቋት። ዘጠኝ አለቻቸው።

"በይ ለነሱ እንዳትነግሪያቸው" አሉ። "የኔስ አንዴ ሆነ። ያንች እንኳ ይሙላ።"

ቀጥሎ ያለው ቤት የስርጉት ነው። ስርጉት ከሩቅ ስታያት ወንበር አውጥታ ጠበቀቻት፤ መብራቱ ከክረምቱ በፊት ይገባ እንደሆነም ጠየቀቻት። ህሊና ሳትመልስላት ወረቀቷን አውጥታ የቤተሰቡን ብዛት ጠየቀች። ደጃፉ ላይ ሁለት ኒም ቆመዋል። የዛፉ ጥያቄ ላይ ስትደርስ አልጠየቀችም፤ ቀና ብላ አይታ ራሷ ሞላችው።